የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ንብ ሰብስባ የምታመጣው የአበባ ዱቄት ምን ይዟል?

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት የሚጠይቁት በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ስለሚሸጠው የንብ የአበባ ዱቄት ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ብልቃጥ የንብ የአበባ ዱቄት ይዛልኝ መጣች። በላዩ ላይ «ሙሉ ምግብ፣ 40 በመቶ ፕሮቲን፣ ሁሉንም ቫይታሚንና ማዕድን የያዘ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ከፍቼ ሳየው ግን ፍሬዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ብጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ፣ ጥቂቶቹም ወደ ሐምራዊ የሚያደሉ ናቸው። ተቀላቅሎ የተጭበረበረ ነገር ይሆን? በኬሚካላዊ ይዘቱስ በእርግጥ ምን አለው?

መልስ፦ የቀለሙ ነገር አያሳስብዎት። አንዲት ሠራተኛ ንብ በአንድ ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትጎበኘው አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዷ ፍሬ ከሞላ ጎደል የአንድ ተክል ዱቄት ናት፤ ቀለሟም ከዚያ ተክል የመጣ ነው። የአንድ ቀፎ ንቦች ግን በየአቅጣጫው ስለሚሰማሩ የሚጠራቀመው ዝንጉርጉር ይሆናል። በመስከረም ማለቂያ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ብጫው ይበረታል፤ ባቄላው፣ ባሕር ዛፉ፣ ግራዋው፣ ብሳናውና ወይራው በየወቅታቸው ሲያብቡ ደግሞ ስብጥሩ ይለወጣል። ሁሉም ፍሬዎቹ ልክ በአንድ ቀለም የተነከሩ የሚመስሉበት ብልቃጥ ቢገጥመኝ ይበልጥ የምጠራጠረው እኔ ያንን ነው።

ይዘቱን ለመረዳት ፍሬዋ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ንቧ በሰውነቷ ፀጉር ላይ የተጣበቀውን ብናኝ በእግሮቿ እየጠረገች፣ ከአበባ በቀዳችው ጣፋጭ ፈሳሽና በምራቋ እያራሰች፣ በኋላ እግሮቿ ላይ በሚገኘው ጎድጎድ ያለና ፀጉር የከበበው ቦታ ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች። አንዷ ፍሬ የምትመዝነው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ንቧም በአንድ ጉዞ የምትሸከመው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። እንግዲህ 10 ግራም ገደማ የሚይዘው አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ500 እስከ 1,000 የሚደርስ የንብ ጉዞ ውጤት ነው ማለት ነው። ዱቄቱ በጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚለወስ፣ ንብ ያመጣችው ዱቄት በእጅ ከአበባው ከተራገፈው ይልቅ ስኳሩ ይበዛል፤ የፕሮቲኑ ድርሻም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

በተለያዩ አገሮች የተወሰዱ ልኬቶች ሲጠቃለሉ በ100 ግራም ደረቅ የንብ የአበባ ዱቄት ውስጥ ፕሮቲን ከ10 እስከ 40 ግራም፣ ካርቦሃይድሬት ከ13 እስከ 55 ግራም፣ ቅባት ከ1 እስከ 13 ግራም፣ አሰር ከ0.3 እስከ 20 ግራም፣ ጠቅላላ ማዕድኑን የሚወክለው ዐመድ ደግሞ ከ2 እስከ 6 ግራም ይገኛል። መምህርት እንደ መሆንዎ የቁጥሮቹ ስፋት ወዲያው ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው 40 በመቶ የጣራው ቁጥር ነው፤ በአማካይ የሚገኘው ከ20 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ተክሉ ነው። የሱፍ አበባ ዱቄት በፕሮቲን ድሃ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ የባሕር ዛፍ ዱቄት በመጠን ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን ቢኖረውም አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች አንዱ) ያንሰዋል፤ ቅባቱም እጅግ ጥቂት ነው። ለንብ አስፈላጊ የሆኑት አሚኖ አሲዶች 10 መሆናቸውን ደ ግሩት የተባለው ተመራማሪ በ1953 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ፣ የአንድን ዱቄት ጥራት ከጠቅላላው ፕሮቲን ይልቅ በእነዚህ ሚዛን መመዘን ተለምዷል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ሐረጎ ድረስ ባሕር ዛፍ በነገሠበት አካባቢ ለሚኖር አናቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ንቦቹ ከባሕር ዛፍ ሌላ የሚቀስሙት እንዲያገኙ ማድረግ ይኖርበታል።

ስለ ፕሮቲኑ አለካክም አንድ ቃል ልጨምር፤ ለትምህርት ቤትዎ ክፍለ ጊዜም ይሆንዎታል። ላቦራቶሪው የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ በኬልዳል ዘዴ የተገኘውን የናይትሮጅን መጠን በ6.25 አባዝቶ ፕሮቲን ይለዋል። በአበባ ዱቄት ውስጥ ግን ከናይትሮጅኑ ከፊሉ የሚገኘው በነጻ አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም በፕሮሊን፣ እንዲሁም በኑክሊክ አሲዶች ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ማባዣው ወደ 5.6 ዝቅ እንዲል የሚመክሩ ተመራማሪዎች አሉ። 25 በመቶ ተብሎ የተጻፈው በዚህኛው ሲሰላ ወደ 22.4 ይወርዳል። ምንም የተጭበረበረ ነገር ሳይኖር አንድ ዱቄት ሁለት የተለያየ የፕሮቲን ቁጥር ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ከካርቦሃይድሬቱ አብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው። ከቅባቱ ውስጥ ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ የተባሉት፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው የቅባት አሲዶች ይገኛሉ። ከማዕድናት ፖታሲየም ብልጫውን ይይዛል፤ በአንድ ኪሎ ግራም ከ4,000 እስከ 20,000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ፎስፈረስ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይከተሉታል። ዚንክ በኪሎ ከ30 እስከ 250፣ ብረት ከ11 እስከ 170 ሚሊ ግራም ተለክቷል። የቢ ምድብ ቫይታሚኖች ብዙዎቹ አሉ፤ ቫይታሚን ሲ በኪሎ ከ70 እስከ 560፣ ቫይታሚን ኢ ከ40 እስከ 320፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ከ10 እስከ 200 ሚሊ ግራም ይገኛሉ። ብርቱካናማዎቹ ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ በካሮቲን ዓይነት ቀለሞች የበለጸጉ ናቸው። ከነዚህም ሌላ ኩዌርሴቲን፣ ኬምፕፌሮልና አይሶራምኔቲን የተባሉ ፍላቮኖይዶች ይገኛሉ፤ በላቦራቶሪ ሲፈተሹ ኦክሲዴሽንን የመግታት ጠባይ ያሳያሉ። በብልቃጥ ውስጥ የታየ ነገር በሰው አካል ውስጥ እንደዚያው ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

«ሁሉንም የያዘ» ለሚለው መፈክር መልሱ እዚህ ላይ ነው። ከተዘረዘሩት ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ በዱቄቱ ውስጥ መኖራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ ሁሉ የ100 ግራም ወይም የኪሎ ናቸው፤ ሰው የሚወስደው ግን አንድ ማንኪያ ነው። ብልቃጥዎ በእጅዎ ላይ ሳለ እያንዳንዱን የ100 ግራም ቁጥር ለ10፣ የኪሎውን ደግሞ ለ100 ያካፍሉት። ከዚያም ሁለት ግራም ከግማሽ የማይሞላ ፕሮቲን፣ ከ1 እስከ 6 ሚሊ ግራም የሚሆን ቫይታሚን ሲና 35 ካሎሪ ገደማ ይቀርዎታል። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ብቻውን ከ50 ሚሊ ግራም የማያንስ ቫይታሚን ሲ ይሰጣል።

ሌላው ሻጮች የማያነሡት ጉዳይ የዱቄቱ ቅርፊት ነው። እያንዳንዷ ብናኝ ስፖሮፖለኒን በተባለ እጅግ ጠንካራ ቁስ ተሸፍናለች፤ ይህ ቁስ አሲድም ሆነ የምግብ ፈጪ ኢንዛይም በቀላሉ የሚበግረው አይደለም። ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ ለማወቅ ከደሴ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ሥር የወጣው ደለል በውስጡ የነበረው የአበባ ብናኝ ተመርምሮ፣ የአካባቢው ደን ባለፉት 3,000 ዓመታት ውስጥ መቼ እንደ ተመነጠረና መቼ መልሶ እንዳገገመ የሚያሳይ ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሦስት ሺህ ዓመት በጭቃ ውስጥ ሳይበሰብስ የቆየ ቅርፊት በሆዳችን ውስጥ በጥቂት ሰዓት ይፈርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር የሚወጣው በዋነኛነት በብናኟ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ወይም ስስ ቦታዎች በኩል ነው፤ በዚህም ምክንያት ወደ ሰውነታችን የሚደርሰው ከተጻፈው ያነሰ ነው። ጥቂት ፍሬዎችን በብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ቢጨምሩ ወዲያው ሲፈርሱና ውኃውን ሲያደፈርሱ ያያሉ። የፈረሰችው ግን ፍሬዋ ናት እንጂ እያንዳንዷ ብናኝ አይደለችም፤ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ሲያይዋት ቅርፊቷ እንዳለ ነው። ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፎ ወይም ፈጭቶ መውሰድ የተወሰነ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በጤና ጣቢያ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ክኒን ተሰጥቷታል፤ ክኒኑ ግን ሆዷን ስለሚያስቸግራት ጎረቤታችን የአበባ ዱቄት በማር ለውሰሽ ስጫት፣ ብረቱ ከሥጋም ይበልጣል አለችኝ። ክኒኑን ብታቆም ምን ይመስላችኋል? (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ ክኒኑን እንዳታቆም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲሰጥ ይመክራል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የአበባ ዱቄት ውስጥ የሚገኘው ብረት ቢበዛ 1.7 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደግሞ 0.1 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ከተክል የሚገኝ ብረት ከሥጋው ያነሰ ነው ወደ ደም የሚገባው። የክኒኑን 30 ሚሊ ግራም በዱቄቱ ለማግኘት፣ ከሁሉ የተሻለው ዓይነት እንኳ ቢገጥማችሁ፣ በቀን ከ17 ማንኪያ በላይ መብላት ይጠይቃል። በተጨማሪም በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ የአበባ ዱቄት መውሰድ ጉዳት እንደሌለው በበቂ ስላልተረጋገጠ እንዲቀር ነው የሚመከረው።

ሆዷን የሚያስቸግራት ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሳ ትንገራቸው፤ መጠኑን፣ የክኒኑን ዓይነት ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያስተካክሉላት ይችላሉ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ፣ ከክኒኑና ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። በወሎ ቤት ቡናን ለሦስተኛው ድረስ ሳይጠጡ ከምግብ መነሣት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ለእነዚህ ወራት ግን ቡናው ራቅ ይበል፣ በምትኩ ብርቱካን ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ይቅረብላት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዘዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የምሠራ ወጣት ነኝ፤ ማታ ማታ ጂም እገባለሁ። አሠልጣኛችን የአበባ ዱቄት ጡንቻ ይገነባል ይላል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ደግሞ «ክብደት የሚቀንስ የንብ ፖለን» የተባለ ከውጭ የመጣ እንክብል ገዝታለች። ሁለቱም እንዴት በአንድ ነገር ይሆናል?

መልስ፦ ወንድማችን ጥያቄህ ተገቢ ነው። ጡንቻ የሚጠቀመው ፕሮቲንን ነው፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ደግሞ የሚሰጥህ 2 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። ምስርና ባቄላ በደረቁ ከ24 እስከ 26 በመቶ ፕሮቲን ስለያዙ፣ በ100 ግራም ሲለካ ከአማካዩ የአበባ ዱቄት አያንሱም፤ ዋጋቸው ግን የሚወዳደር አይደለም። ባቄላ በድስት ሙሉ ይበላል፣ ዱቄቱን ግን በማንኪያ ነው የምትወስደው። በጂም ቤት የሚወራለት ሌላ የተሰወረ ኃይል በኬሚካላዊ ይዘቱ ውስጥ የለም።

የባልደረባህ እንክብል ከዚህ ይበልጥ ያሳስበናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. የንብ የአበባ ዱቄት ነን ከሚሉ የክብደት መቀነሻ እንክብሎች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ሳይገለጽ ሲቡትራሚን እንደ ተገኘባቸው አስጠንቅቋል። ሲቡትራሚን በልብና በደም ሥር ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ የተሰበሰበ መድኃኒት ነው። በአንዳንዶቹም ውስጥ ፌኖልፍታሊን የተባለ ሆድ የሚያላላ ኬሚካል ተገኝቷል። የአበባ ዱቄት በራሱ ክብደት አይቀንስም፤ እንክብሉን ከዋጠች በኋላ ልቧ ከመታ፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም የምግብ ፍላጎቷ በድንገት ከጠፋ፣ አቁማ ብልቃጡን ይዛ ወደ ሐኪም ትሂድ።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ፤ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት ይነሣብኛል። የአካባቢን የአበባ ዱቄት በትንሹ መብላት ሰውነትን ያለማምዳል ሲሉ ሰማሁ። ልሞክረው? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ያለ ሐኪም ክትትል አይሞክሩት። ንቧ ዱቄቱን ስትጠቀጥቅ አለርጂ ቀስቃሽ የሆኑት ፕሮቲኖች አይጠፉም። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ተክሎች ናቸው፤ የዚህ ቤተሰብ ዱቄት አለርጂ ያለባቸው ሰዎች የንብ የአበባ ዱቄት በልተው፣ አንዳንዶቹም ገና በመጀመሪያው ማንኪያ፣ ለሕይወት አስጊ የሆነ የአለርጂ ድንጋጤ ውስጥ የገቡበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በሽታዎ የሚነሣበት ወቅትም አደዩ ከሚያብብበት ጊዜ ጋር መግጠሙ ጥንቃቄውን ያጠብቀዋል። በመብላት አስምን ወይም የአበባ አለርጂን ማለማመድ እንደሚቻል የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ ሐኪሞች የሚሰጡት የማለማመድ ሕክምና ተለክቶ በተዘጋጀ ንጥር ነው። አፍ ማሳከክ፣ ከንፈር ማበጥ፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተከተለ፣ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አንባቢያንም ይህንን ያስተውሉ። ዱቄቱ የመድኃኒቱን ኃይል ከፍ አድርጎ ለመድማት ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚጠቁም የሕክምና ሪፖርት አለ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ነው፤ ፕሮስቴት አለብህ ተብያለሁ። በውጭ አገር የሚኖር ልጄ ለዚህ በሽታ ከአበባ ዱቄት የተሠራ መድኃኒት አለ ብሎኛል። ከእኛ አገር ቀፎ የሚወጣው አይሆነኝም?

መልስ፦ አባታችን፣ ልጅዎ የነገረዎት መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው በስዊድን ተዘርተው ከሚታጨዱ የአጃ መሰል ሣሮች ብናኝ ተነጥሮ ነው እንጂ ከንብ ቀፎ አይደለም። ስሙ ሰርኒልተን ይባላል፤ በአንዳንድ የፕሮስቴት ሕመምተኞች ላይም ተሞክሯል። በዚያ ንጥር ላይ የታየውን ውጤት ባቄላና ባሕር ዛፍ ቀስማ ወደ ገባች ንብ ዱቄት ማስተላለፍ አይቻልም። ክትትልዎን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ከእንስሳት የሚገኝ ምንም አልቀምስም። የአበባ ዱቄት ቫይታሚን ቢ12 ይተካልኛል?

መልስ፦ አይተካልዎትም። ዱቄቱ የተክል ነውና አስተማማኝ የቢ12 ምንጭ አይደለም። ረጅም ጊዜ የሚጾሙና የመደንዘዝ ወይም የድካም ስሜት የሚሰማቸው ሰዎች በደም ምርመራ ማረጋገጥ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ ንብ አናቢ ነኝ፤ ባሕላዊም ፍሬም ቀፎም አለኝ። ማር ስቆርጥ ከእጩ አጠገብ በሰፈፉ ክፍሎች ውስጥ የታጨቀ፣ ጎምዘዝ የሚል ብጫ ነገር አገኛለሁ። ያ ነው የአበባ ዱቄት የሚባለው? ለገበያ ለማውጣት ብፈልግ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ያስደሰተን ይህ ነው። የሚያገኙት ነገር መነሻው የአበባ ዱቄት ነው፤ ነገር ግን ንቦቹ በሰፈፉ ክፍል ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ማርና ምራቃቸውን ጨምረው ያቦኩት ነው። ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ልክ እንደ እንጀራ ሊጥ ያኮመጥጡታል፤ የአሲድነት ልኬቱ ወደ 4 ስለሚወርድም ሻጋታ በቀላሉ አይደፍረውም። ከፍሬው ይልቅ ለመፈጨት ይቀላል፤ ሞግዚት ንቦች እጩን የሚመግቡበትን ወተት መሰል ምግብ የሚሠሩትም ይህን በልተው ነው። ለጠጅ ከጠራ ማር ይልቅ ድፍድፍ ማር የሚመርጡ ጠጅ ጣዮችም አንዱ ጥቅማቸው ከዚሁ ነው፤ ማር ብቻውን ናይትሮጅን ስለሚያጥረው፣ አብሮት የገባው የአበባ ዱቄት እርሾውን ይመግበዋል።

ለሽያጭ የሚወጣው ግን ፍሬው ነው፤ የሚሰበሰበውም በፍሬም ቀፎ መግቢያ ላይ በሚገጠም ማጥመጃ ነው። ንቧ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች ተጨናንቃ ስትገባ ከእግሯ ላይ ፍሬው ተራግፎ ከሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ይወድቃል። የእኛ ንቦች ከአውሮፓዎቹ አነስ ስለሚሉ፣ ከውጭ የመጣ ማጥመጃ ቀዳዳው ሰፍቶ ፍሬውን ሳያራግፍ ሊያሳልፍ ይችላልና ሞክረው ይመልከቱ። አንድ መንጋ በዓመት ከ20 እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ የአበባ ዱቄት ሊፈልግ ስለሚችል፣ ማጥመጃውን ያለማቋረጥ መተው እጩን ማስራብ ነው። አበባ በደራበት ጊዜ ብቻ ይግጠሙት፤ ጥቂት ቀን አድርገው ጥቂት ቀን ያንሡት፤ ደካማ መንጋ ላይ ጨርሶ አይግጠሙት።

ከዚህ በኋላ የሚያሰጋው እርጥበት ነው። ከእግሯ ላይ የወደቀው ትኩስ ፍሬ ከ20 እስከ 30 በመቶ ውኃ አለው፤ ፕሮቲንና ስኳርም ስላለው ለሻጋታ የተመቸ ነው። አንዳንዶቹ ሻጋታዎች አፍላቶክሲንና ኦክራቶክሲን የተባሉ መርዞችን ያመነጫሉ፤ እነዚህ ደግሞ ዱቄቱ በኋላ ቢደርቅም አይጠፉም። ስለዚህ መሳቢያውን በየቀኑ፣ ቢቻል ከቀትር በኋላ ዝናብ ሳይመጣ ባዶ ያድርጉት። ፍሬውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወንፊት ላይ በስሱ ያስጡት፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያግኘው፤ ብርሃኑ ካሮቲኑንና ቫይታሚኖቹን ያበላሻል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባይበልጥ ይመረጣል። ኮምቦልቻና ቃሉ ከደሴ የሞቀ አየር ስላላቸው በበጋ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ማድረቅ ይቻላል። ደሴ ላይ ግን በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን በሚሸፍንበት ጊዜ ጥላ ሥር የተሰጣ ዱቄት ከመድረቅ ይልቅ እርጥበት ይስባል፤ ለብ ያለ አየር የሚነፍስ ማድረቂያ የግድ ነው።

መድረቁን የሚያውቁት በእጅ ነው። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ይጫኑ፤ እንደ ሰም ከለሰለሰች ወይም ከተለጠፈች ገና ናት፤ ጠንክራ እምቢ ካለችና ስትሰበር ደረቅ ብናኝ ከሆነች ደርሳለች። በላቦራቶሪ ከተለካ ውኃው ከ8 በመቶ በታች፣ ቢቻል 6 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ክንፍና የንብ እግር ይለቀምለት፤ ማቀዝቀዣ ካለ ጥቂት ቀን በበረዶ ቤት ማቆየት የእሳት ራትንና የሌሎች ጥቃቅን ተባዮችን እንቁላል ይገድላል። አየር በማያስገባ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ይታሸግ፤ የተሰበሰበበት ወርና አካባቢውም ይጻፍበት።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። በቦርከና ዳር በመስኖ አትክልት የሚያለሙ ጎረቤቶችዎ ፀረ ተባይ በሚረጩበት ሰሞን ማጥመጃውን አይግጠሙ፤ ኬሚካሉ ከማሩ ይልቅ በዱቄቱ ላይ ይበረታል። እንደዚሁም ክሮታላሪያ፣ ሴኔሲዮና ሄሊዮትሮፒየም የተባሉት የአረም ዝርያዎች ለጉበት ጎጂ የሆኑ አልካሎይዶችን በዱቄታቸው ስለሚይዙ፣ እነርሱ በብዛት የበቀሉበት ቦታ ቀፎ ማስቀመጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ተክሎቹን ለይቶ ሊያሳይዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱቄቱን በማር ለውሶ ማስቀመጥ ይቻላል? ለሕፃናትስ? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ በደንብ የደረቀ ከሆነ ይቻላል። እርጥበት ያለው ዱቄት ግን የማሩን ውኃ ከፍ ስለሚያደርገው ማሩ ሊፈላ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ጋዝ ከወጣና ከላይ አረፋ ከያዘ ፈልቷል ማለት ነው። አለርጂ የሌለበት አዋቂ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ፍሬዎችን ብቻ ቀምሶ ካላወከው ቀስ በቀስ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊያሳድግ ይችላል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማርም ሆነ በማር የተለወሰ ዱቄት አይሰጥም፤ ማር ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስፖር ሊኖርበት ስለሚችል ነው። ከዚያ በላይ ላሉ ልጆችም ቢሆን አለርጂን በማሰብ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩላቸው።